11 ሰርተፍኬትና አንድ ቃዳ ገብስ

አንዲት አንባቢ የላከችልኝ ደብዳቤ ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር የፒኤችዲ ተማሪ ነኝ፤ አራተኛ ዓመቴ ነው። የማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ልኮኝ ነው የምማረው። ጥናቴ አሲዳማ አፈርን በኖራ ማከም ላይ ነው። ሙከራዬን የማካሂደው ምሥራቅ ጎጃም፣ ማቻከልና ጎዛምን ወረዳ፣ ገበሬ ማሳ ላይ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ አለችኝ፤ የምትይዝልኝ እናቴ ናት። በጥር ለፒኤችዲ ተማሪዎች የአምስት ቀን ሥልጠና አለ ተባልን። የምርምር ጽሑፍ፣ የፈንድ ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ ገለጻ፣ ምኑ ቅጡ። አማካሪዬን ሳስፈቅድ ‹ሥልጠና ዲግሪ አይሆንሽም፤ ምዕራፍሽን አምጪ› አሉኝ። አብሮኝ የሚማር ልጅ ግን አንድም ሥልጠና አያመልጠውም። 11 ሰርተፍኬት አለው፤ እኔ ዜሮ ነኝ። እሱን ሳይ ሆዴ ይባባል። ስጨርስስ? ተመልሼ ቾክ ከመያዝ ሌላ ምን አውቃለሁ? ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?

ኖራዋ ነኝ፣ ከባሕር ዳር»

እታለም፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መልሱን ላስቀድምልሽ፦ ሂጂ። ግን አምስቱንም ቀን አትሂጂ፤ ባዶ እጅሽንም አትሂጂ። አማካሪሽንም አትቀየሚያቸው።

ከእሳቸው ልጀምር። ሰውየው ይህን ያሉት ከክፋት አይመስለኝም። ሲሠለጥን ሲሠለጥን ምዕራፍ ሁለት ላይ የቀረ ተማሪ አይተው ይሆናል። አንቺ ስትዘገዪ በትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ላይ «የእርስዎዋ ተማሪ የት ደረሰች?» የሚባሉት እሳቸው ናቸው። ደግሞ የእሳቸውም የእኔም ትውልድ «እኛን ማን አሠለጠነን?» ማለት ይወዳል። እውነት ነው፣ ማንም አላሠለጠነንም። ያስከፈለንን ግን አናወራም። እኔ ዛሬ ላውራልሽ።

እኔም የአንድ ሥልጠና ምሩቅ ነኝ። ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሦስት ቀን፣ ርእሱ የሳይንስ ጽሑፍ አጻጻፍ። ጠዋት እፈርማለሁ፣ ሻይ ቡና እላለሁ፣ ምሳ እበላለሁ፣ ከዚያ ጉዳዬን ላስፈጽም እወጣለሁ። በሦስተኛው ቀን ከሁሉም የረዘመው የአበሉ ሰልፍ ነበር። ስሜ ላይ አንድ ፊደል የተሳሳተበት ሰርተፍኬት ይዤ ተመለስኩ። በዓመቱ አንድ ጽሑፍ ለአንድ ጆርናል ላክሁ። በ6 ቀኑ «ተቀብለነዋል፣ እንኳን ደስ ያለዎት» የሚል መልስ መጣ። አንድ ጥያቄ የለ፣ አንድ እርማት የለ። ጎበዝ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ክፍያውን አሜሪካ ካለ ዘመድ ለምኜ በዶላር ላክሁ። የማዕረግ እድገት ስጠይቅ ኮሚቴው ጽሑፉን አየት አደረገና ወደ ጎን ገፋው። ጆርናሉ ገንዘብ ከፍለሽ የሰጠሽውን ሁሉ የሚያትም ኖሯል። የሚያንገበግበኝ ይህ አይደለም። ጆርናል እንዴት እንደሚመረጥ በዚያ ሥልጠና በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ተሰጥቶ ነበር። ከሰዓት እኔ አልነበርኩም።

እና የጓደኛሽ 11 ሰርተፍኬት አያስቀናሽ። አሥራ አንዱን ምን እንዳደረገበት ጠይቂው። አንዱን ጠቅሶ «ከዚህ ወዲህ እንዲህ መሥራት ጀመርኩ» ካለሽ ጎበዝ ነው፣ አንቺም ከእሱ ተማሪ። ዝም ካለ የእኔ ቢጤ ነው።

ይህ ሥልጠና የሚባል ነገር ከየት መጣ ለሚለው ደግሞ፣ ነገሩ የኛ ፈጠራ አይደለም። የእንግሊዝ መንግሥት ሰር ጋሬዝ ሮበርትስ የሚባሉ ሳይንቲስት ስለ ሳይንስና ኢንጂነሪንግ የሰው ኃይል እንዲያጠኑለት አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው ሪፖርታቸው የፒኤችዲ ተማሪ ከምርምሩ ጎን በዓመት ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሥልጠና ሊሰጠው ይገባል አሉ። ገለጻ፣ ጽሑፍ፣ ሥራ መምራት፣ ሰው መያዝ። ምክንያቱም እዚያ ብዙው ተመራቂ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አይቀርም፤ ኩባንያ ይገባል፣ መሥሪያ ቤት ይገባል። አሜሪካኖችም እ.ኤ.አ. በ2012 ተማሪው የራሱን የሥራ ዕቅድ የሚያወጣበት ማይ አይዲፒ የሚባል ነፃ ድረ ገጽ ከፈቱ።

እዚህ ሲደርስ እኛ ጋ ጥያቄ ይነሣል። የኛ የፒኤችዲ ተማሪ አብዛኛው እንዳንቺ መምህር ነው። ውል ፈርሞ ይወጣል፣ ውሉን ሊወጣ ይመለሳል። ታዲያ የሥራ ሥልጠና ምን ያደርግለታል? አማካሪሽም በልባቸው እንዲህ የሚሉ ይመስለኛል።

እኔ ነገሩን ገልብጬ ነው የማየው። የተመለሽ ዕለት ምን እንደሚሆን ልንገርሽ። በመጀመሪያው ሳምንት «እንኳን ደስ አለሽ ዶክተር» ነው፤ ዶሮ ይሠራል። በሁለተኛው ሳምንት የትምህርት ክፍል ኃላፊነት ደብዳቤ ይመጣል፤ ምክንያቱም ሌላው ዶክተር ሊሸሽ ሲጠብቅሽ ነበር። ከዚያ አምስት የማስተርስ ተማሪ ይመደብልሻል። ለምርምር ገንዘብ ጥሪ ወጥቷል፣ 10 ቀን ቀርቶታል፣ «አንቺ ነሽ እንግዲህ» ትባያለሽ። ላብራቶሪው ኬሚካል ጨርሷል፤ ግዢ ክፍል ዝርዝር መግለጫ ጻፊ ይልሻል። ካልተስማሙ ሁለት መምህራን መሃል ትቀመጫለሽ። ከዚህ አንዱም ስለ ኖራ በምትጽፊው መመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ የለም። ሥልጠናው ከዩኒቨርሲቲ ለሚወጣ ብቻ ነው ያለው ማነው? ለሚመለሰው ነው የሚብሰው።

ባዶ እጅሽን አትሂጂ ያልኩሽን ላብራራ። ጎጃም ተቀምጠሽ ስለ ሥልጠና ስትጠይቂኝ የቅኔ ቤት ትዝ ይለኛል። ዋሸራም ሆነ ዲማ፣ ተማሪው ቅኔውን ብቻውን ዛፍ ሥር ሄዶ ይቆጥራል። ከዚያ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ እዚያው ያርሙታል፤ ቤቱ አልመታም፣ ምሥጢሩ አልወጣም ይሉታል። የራሱን ቅኔ ይዞ ያልመጣ ምን ይታረምለታል? ደግሞ የሚጀመረው በጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት፣ ማለት ሁለት ስንኝ ብቻ ያላት አጭር ቅኔ ናት። ስምንት ቤት ያለው መወድስ ኋላ ነው የሚመጣው። የኛ ፒኤችዲ በመወድስ ይጀምርና 200 ገጽ ጽፈን፣ ሁለት ቤት መናገር አቅቶን እንመረቃለን።

የአውስትራሊያው ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ ውድድር ጀምሮ ነበር፤ ዛሬ በብዙ አገር ይካሄዳል። የፒኤችዲ ተማሪ ጥናቱን በ3 ደቂቃ፣ በአንድ ስላይድ፣ ሙያው ላልሆነ ሰው ያስረዳል። ሰዓቱ ካለፈበት ከውድድሩ ይወጣል። እኔ ግን ከሦስት ደቂቃም በፊት ሁለት ቤት እላለሁ።

በደብዳቤሽ ጥናትሽን እንዲህ ገልጸሽዋል፦ «የተለያዩ የኖራ መጠኖችና የአጨማመር ዘዴዎች በአሲዳማ አፈር ፊዚካልና ኬሚካል ባሕርያት እንዲሁም በገብስ ምርታማነት ላይ ያላቸውን ተፅዕኖ መገምገም»። ስህተት የለበትም። አማካሪሽ ይገባቸዋል። እኔም ድሮ በሙያው ስለነበርኩ ገብቶኛል። ከእኔና ከእሳቸው በቀር ግን ማን ይሰማሻል?

አንድ ጊዜ እኔም ማቻከል አንድ ገበሬ ቤት ተቀምጬ ስለ ፒኤች፣ ስለ አፈሩ የአሲድነት መለኪያ፣ አስረዳለሁ። ዝናቡ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን አጥቦ ይወስደዋል፤ ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየሙ ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ይጎዳዋል፤ ፎስፈረሱም ስለሚያዝ የገዛችሁት ማዳበሪያ ሜዳ ላይ ይቀራል፤ ኖራ ብትጨምሩበት ይስተካከላል እያልኩ። ሰውየው በጨዋነት ራሱን ይነቀንቃል። ሚስቱ ቡና እየቀዳች ቀና አለችና «ዲያ! ስንት ኩንታል ነው የሚገባ? ማን ነው የሚሸከም?» አለችኝ።

በቃ፣ ያንቺ ጥናት እሱ ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በሄክታር 2 ቶን ኖራ ያስፈልጋል ቢባል 20 ኩንታል ነው። አንድ ቃዳ የሄክታር ሩብ ስለሆነ 5 ኩንታል መሆኑ ነው። የኖራ ድንጋዩስ የዓባይ በረሃ ላይ ሞልቷል። ተፈጭቶ፣ ተጭኖ፣ ከመኪና ወርዶ፣ መኪና በማይገባበት መንገድ ማሳው ድረስ መድረሱ ላይ ነው ጣጣው። ስለዚህ ሁለት ቤትሽ እንዲህ ቢሆንስ፦

«አፈሩ ኮምጥጦ ገብስ ለነሳ አንድ ቃዳ መሬት 5 ኩንታል ኖራ በትንበት ይባላል፤ ገበሬው የሚያመጣበት አቅም የለውም። እኔ የማየው ኖራው ማሳውን ሙሉ ከሚበተን ይልቅ ከዘሩ ጋር በመስመር ቢገባ ስንት ኩንታል እንደሚበቃ ነው።»

ልዩነቱን አየሽው? ሳይንሱ አልተነካም። ግን አሁን ጥያቄው የሰው ሆነ። ይህችን ይዘሽ ሥልጠናው ላይ ስትቀመጪ አሠልጣኙ የሚለው ሁሉ የሚያርፍበት ቦታ ያገኛል። የፈንድ ማመልከቻው መክፈቻ እሷ ናት። የገለጻሽ የመጀመሪያ ስላይድ እሷ ናት። የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ «ስለ ምርምርሽ ንገሪን» ሲሉሽም እሷው ናት። ከእሷ ጋር አንድ ግራፍና ያላለቀ አንድ ገጽ ያዢ። ሌሎቹ ማስታወሻ ሲይዙ አንቺ የራስሽን ገጽ እያረምሽ ዋይ።

ከአምስቱ ቀን የትኛውን? የጽሑፉንና የፈንዱን ቀን ጠዋትም ከሰዓትም ሂጂ። ከሰዓቱን በተለይ! የገለጻውን ቀን ከተቻለ። ሲቪ በአንድ ምሽት ቤትሽ ይሠራል፤ ለእሱ ብለሽ ልጅሽን አትተያት። ሲቪሽ ላይ «መረጃ ሰብስቤያለሁ» ብለሽ እንዳትጽፊ እንጂ። ሁለት ወረዳ ላይ ገበሬ አሳምነሽ መሬት አስፈቅደሻል። የግብርና ባለሙያዎቹን አለካክ አሳይተሻል። መንገድ ሲዘጋ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ሙከራው ሳይበላሽ ክረምቱን አሳልፈሻል። የቀን ሠራተኛ ከፍለሽ ደረሰኝ አወራርደሻል። በሌላ ቋንቋ ይህ ፕሮጀክት መምራት ይባላል። ስንት ማሳ፣ ስንት ክረምት፣ ስንት ሰው፣ በቁጥር ጻፊው። «ቾክ ከመያዝ ሌላ ምን አውቃለሁ» ያልሽውን ከዚያ በኋላ ራስሽ ትስቂበታለሽ።

አንድ ነገር ደግሞ ሥልጠናው ላይ ላይነሣ ይችላል፤ ለኛ ለኢትዮጵያውያን ግን ትልቅ ጣጣ ነው። ስምሽ! እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። አንዱ ጆርናል የአባትሽን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይይዘዋል፤ ሌላው የአያትሽን። ፀሐይ የሚለውን ስም ደግሞ በላቲን ፊደል አራት ሰው አራት ዓይነት ይጽፈዋል። ፓስፖርቱ ሌላ፣ የመጀመሪያው ጽሑፍ ሌላ፣ ዲግሪው ሌላ። በኋላ ኮሚቴ ፊት ቀርበሽ «ይህቺም እኔ ነኝ፣ ያቺም እኔ ነኝ» ማለት ይመጣል። ዛሬ ማታ ኦርኪድ የሚባለውን የተመራማሪ መለያ ቁጥር አውጪ። ነፃ ነው፣ 16 አኃዝ ነው፣ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። አንድ አጻጻፍ ምረጪ፣ ቢቻል የፓስፖርትሽን፤ እስከ ጡረታ አትቀይሪው።

አሁን አማካሪሽን እንዴት ታስፈቅጃለሽ? «ልሂድ ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ። እንደዚያ የተጠየቀ ሰው «አይሆንም» ማለት ይቀለዋል። ቀኑን ቆርጠሽ፣ ሥራውን ከፊት አድርገሽ ጻፊላቸው፦

«ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ። የምዕራፍ 3ን ረቂቅ ጥር 14 አስረክባለሁ። እርስዎ በሚያዩበት ሳምንት የጽሑፉንና የፈንድ ማመልከቻውን ሥልጠና፣ ሁለት ቀን፣ መካፈል አስቤያለሁ። እዚያ የምሠራበት የኛው የመጀመሪያ ጽሑፍ ረቂቅ ነው፤ ስመለስ የታረመውን አመጣልዎታለሁ። ቢፈቅዱልኝ ደስ ይለኛል።»

«የኛው» የምትለዋን ቃል ልብ በይልኝ። ጽሑፉ ላይ የእሳቸውም ስም አለ። ሥልጠናው ጽሑፉን ካፈጠነው ለእሳቸውም ነው የሚጠቅመው። ታዲያ ጥር 14 ካልሽ ጥር 14 ነው። ያን ቀን ካሳለፍሽው በሚቀጥለው ሥልጠና ላይ እኔም ከእሳቸው ጎን ነኝ።

ሲጨርሱ ወዴት ለሚለው አጭር መልስ ልስጥ፤ ምክንያቱም መጀመሪያ ውልሽን ማንበብ አለብሽ። ስንት ዓመት እንደምታገለግዪ፣ ብትወጪ ምን እንደምትከፍዪ በጽሑፍ ያለ ነገር ነው። በወሬ አትመሪ። ያም ሆኖ የአሲዳማ አፈር ሰው ጎጃም ውስጥ ሥራ አጣ ቢሉኝ አላምንም። አዴት ላይ የምርምር ማዕከል አለ። የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያው የምትማሪበት ከተማ ነው። ቡሬ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ እህል የሚያቀነባብር ፋብሪካ እህል ከየት ይመጣል ብሎ መጠየቁ አይቀርም። አዊ ዞን ብትወጪ ገበሬው የደከመ መሬቱን ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ተክሎበት ከሰል እያከሰለ ይሸጣል። እዚያ ስለ አፈርም ስለ ገበያም የሚጠየቅ ስንት ነገር አለ። እነዚህ ቦታዎች ላይ ሰው ለማወቅ ሥራ ፈላጊ እስክትሆኚ አትጠብቂ። አሁን፣ ተማሪ ሆነሽ፣ «ውጤቴን ላሳያችሁ» ብለሽ ግቢ። ተማሪን ማንም አይፈራም። ሥራ ፈላጊን ግን በር ላይ ጀምሮ ያውቁታል።

ሴት ሳይንቲስት በመሆንሽ ደግሞ አንድ በር ተጨማሪ አለሽ። መቀመጫው ጣሊያን፣ ትሪየስቴ ከተማ የሆነ፣ በታዳጊ አገሮች ያሉ ሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት አለ፤ ምኅጻሩ ኦደብልዩኤስዲ ነው። ፒኤችዲ ጨርሰው በአገራቸው ምርምር ለሚጀምሩ ሴቶች ድጋፍ ይሰጣል። የጥሪውን ዝርዝር ከድረ ገጻቸው ተከታተይ። የጥሪው ቅጽ ሲከፈት ከሁለቱ ቤትሽ ጀምሪ።

ሥልጠናው ቢሰረዝ ወይም አማካሪሽ እምቢ ቢሉ ዓለም አላበቃም። ኦተርኤይድ የሚባለው ለታዳጊ አገር ተመራማሪዎች ጽሑፍና ማመልከቻ አጻጻፍ በኢንተርኔት በነፃ ያስተምራል። ለማንበብ ደግሞ ሪሰርችፎርላይፍ የሚባል፣ ጆርናሎችን ለታዳጊ አገር ተቋማት የሚያቀርብ አገልግሎት አለ። የግብርናው ክፍል አጎራ ይባላል፤ የምግብና እርሻ ድርጅቱ ፋኦ ነው የሚመራው። በዩኒቨርሲቲሽ ቤተ መጻሕፍት በኩል የይለፍ ቃል ጠይቂ። የቤተ መጻሕፍቱ ሰዎች ጠያቂ ናፍቋቸዋል፤ አንዳንዴ አገልግሎቱ ግቢው ውስጥ እንዳለም የሚያውቀው የለም። ልጅሽ ከተኛች በኋላ ኔትወርኩ ደህና የሆነበትን ሰዓት አንቺው ታውቂዋለሽ።

በይ፣ ሁለቱን ቤት በራስሽ አፍ አስተካክለሽ ላኪልኝ። የእኔን እንዳትገለብጪ፤ ቁጥሩ ካንቺ ሙከራ የመጣ አይደለም ብለው ያፋጥጡሻል። የማቻከሉ ወዳጄ ዛሬም ስልክ ያነሣልኛል። ደውዬ አነብላቸዋለሁ፤ ለእሱም ለባለቤቱም። እሷ «ማን ነው የሚሸከም?» ብላ ከጠየቀችኝ መልሼ እልክልሻለሁ።